የአይሮፕላን ማረፊያ ጥገናና የፖሊመር ሞርታር

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በምትገኘው በመልካ ጀብዱ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቷል። ከባዱን ዕቃ ባቡር ያመላልሰዋል፤ የሚቸኩለው ሰውና ዕቃ ግን የሚያልፈው በከተማው አይሮፕላን ማረፊያ በኩል ነው። ስለዚህ የማረፊያ ንጣፍ አጠጋገን የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ አይደለምና፣ ነገሩን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከባድ አይሮፕላን የሚቆምበት ንጣፍ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በኮንክሪት ነው። ቦይንግ 737-800 ሙሉ ጭነቱን ሲይዝ 79 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ይህም ክብደት የሚያርፈው በጥቂት ጎማዎች ላይ ነው። በዚህ የተነሣ የንጣፉ ጠርዝና ማዕዘን አስቀድሞ ይሸረፋል። ፍርፋሪው ደግሞ ጎማ ይቀድዳል፣ ሞተር ውስጥም ይገባል። በሐምሌ 1992 ዓ.ም. ፓሪስ አጠገብ የ113 ሰዎችን ሕይወት ያጠፋው የኮንኮርድ አደጋ የተነሣው ማኰብኰቢያው ላይ ከወደቀ አንድ ቁራጭ ብረት መሆኑን ልብ ይሏል።

ታዲያ የተሸረፈውን በተራ ሲሚንቶ ለምን አንደፍነውም? ሲሚንቶ ለመጠንከር ቀናት ይፈልጋል፤ ማረፊያው ግን የሚዘጋው ለጥቂት የሌሊት ሰዓታት ነው። ከዚህም በላይ ሲደርቅ ይኰማተራል፣ ከአሮጌውም ኮንክሪት ጋር አጥብቆ አይያያዝም።

ፖሊመር የሚያግዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ወተት መሰል የላስቲክ ፈሳሽ ከሲሚንቶው ቡኮ ጋር መቀላቀል ነው። ሁለተኛው፣ ሲሚንቶውን ጨርሶ ትቶ አሸዋውን እንደ ኢፖክሲ ባለ ሙጫ ማጣበቅ ነው። እንዲህ ያለው ሞርታር በሰዓታት ውስጥ ይጠነክራል።

ይሁን እንጂ መጠንከር ብቻውን አይበቃም። ገል ከጠፍር ይልቅ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ሲወድቅ የሚሰበረው ግን ገሉ ነው። ተመራማሪዎች በሙጫው ውስጥ ደቃቅ የጎማ ብናኝና ቃጫ የሚጨምሩት ስለዚህ ነው። ስንጥቅ ሲጀምር ጎማው ኃይሉን ይውጠዋል፣ ቃጫውም ግራና ቀኙን ይዞ ያቆየዋል።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ሌላ ችግር አለ፤ ይኸውም ሙቀት ነው። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የኢፖክሲ ሞርታር ግን በአሸዋ ተሞልቶም እንኳ ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይለጠጣል። ቀን እየሰፋ ሌሊት እየጠበበ ከቆየ በኋላ ከሥሩ ይላቀቃል። መድኃኒቱ አሸዋውን ማብዛትና ለስለስ ያለ ሙጫ መምረጥ ነው። ሙቀት ሙጫውን በባልዲው ውስጥ ሳለ ስለሚያደርቀው በጥቂት በጥቂቱ ማቡካት ይገባል። አሸዋውም ደረቅና ከጭቃ የጠራ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሙጫው አይዘውም።

የዋጋውም ነገር አለ። ሲሚንቶ እዚያው ድሬዳዋ ይመረታል፤ ሙጫው ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ስለዚህ ሙጫውን ለትናንሽ ሽርፍራፊዎችና ለአስቸኳይ ጥገና ማዋል፣ ሰፊውን ቦታ ግን በሲሚንቶ መሥራት ይበጃል።

በብርድ አገር የተፈተነ ድብልቅ በቆላ ፀሐይ እንደሚጸና ማረጋገጫ የለም። የምሕንድስና ጓደኞቻችን ልዩ ልዩ ድብልቆችን በመልካ ጀብዱ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ከበጋ እስከ ክረምት በመዶሻ እያንኳኩ ቢፈትኑ መልካም ነው። ባዶ ድምፅ የሰጠው ከሥሩ ተላቋል ማለት ነው። ይህ ሙከራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና በየጊዜው የሚጻፍ መዝገብ ግን ይጠይቃል።