ስስ የፀሐይ ሴሎችና የባሌ ከፍታ

ስስ የፀሐይ ሴል የሚሠራው ብርሃንን አጥብቆ የሚውጥ ከፊል አስተላላፊ ቁስ በመስታወት፣ በብረት ወይም በፕላስቲክ ላይ በመለበጥ ነው። በገበያ የበዛው የሲሊከን ሴል ከመቶ ማይክሮሜትር በላይ ውፍረት ሲኖረው፣ ለስስ ሴል ጥቂት ማይክሮሜትር ይበቃዋል።

ዘርፉን ዛሬ እንደ አዲስ ያነቃቃው ፔሮቭስካይት የተባለው ቁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓናዊው ጹቶሙ ሚያሳካ ቡድን የሠራው ሴል ከብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 3.8 በመቶውን ብቻ ነበር። አሁን በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ በላይ ደርሷል። በ2024ም ኦክስፎርድ ፒቪ የተባለው ኩባንያ በሲሊከን ላይ ፔሮቭስካይት የተደረበበትን ፓነል ለደንበኛ መላክ ጀምሯል። ይሁን እንጂ ቁሱን እርጥበትና ሙቀት ያፈርሱታል፤ ከፍተኛ ውጤት የሚሰጡት ዓይነቶችም እርሳስ አለባቸው። በቤተ ሙከራ የተመዘገበ ክብረ ወሰን ብቻውን የዕድሜ ዋስትና አይሆንም።

ከቀደሙት ስስ ሴሎች መካከል በ1976 የተዋወቀው ቅርጸ ቢስ ሲሊከን ብርሃን ሲያገኘው ይዳከማል፤ በይበልጥ የታወቀውም በካልኩሌተር ነው። ከስስ ሴሎች ሁሉ በስፋት የሚሸጠው ካድሚየም ቴሉራይድ ነው። ከመዳብ፣ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከሴሊኒየም የሚሠራውም አለ፤ ኢንዲየም ግን እንደ ልብ አይገኝም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው የፖሊመር ሴል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቱ ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ቀይና ከቀይ ያለፈውን ብርሃን ጭምር የሚውጡ፣ ፖሊፍሎሪን የተባሉ ፖሊመሮችን ሠርተዋል። ኤሌክትሮን ሰጪና ተቀባይ ክፍሎች በሰንሰለቱ ላይ ሲፈራረቁ የኃይል ክፍተቱ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ለማነሣሣት የሚያስፈልገው ትንሹ ኃይል፣ ይጠባል፤ ያኔ ሴሉ ሰፋ ያለውን የፀሐይ ብርሃን ይጠቀማል። ባልደረባቸው ሽመልስ አድማሴም ይህን ክፍተት በኤሌክትሮኬሚስትሪ ለክተዋል። ውድ ማዕድን ሳያስፈልግ የቁሱን ጠባይ በኬሚስትሪ መቅረጽ መቻሉ፣ ማሽን መግዛት ለሚከብደው አገር ትልቅ በር ነው። ዛሬ ምርጦቹ የፖሊመር ሴሎች ወደ 20 በመቶ ተጠግተዋል።

እነዚህ ቁሶች በባሌ ከፍታ ላይ ምን ይገጥማቸዋል? የባሌ ከተሞች ሮቤና ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ናቸው፤ የሳነቲ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ቅዝቃዜው ይጠቅማል፤ የሲሊከን ፓነል ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ያጣልና። ነገር ግን አልትራቫዮሌት ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ፖሊመርን የሚጎዳውም እሱ ነው። በሳነቲ የበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ በማግስቱ ፀሐይ ያቃጥላል። ዝናቡም በዓመት በሁለት ወቅቶች ይመጣል፤ ፔሮቭስካይት ደግሞ እርጥበት አይችልም።

ስለዚህ ሮቤ ያለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ናሙናዎችን ጣሪያው ላይ አኑሮ ለዓመታት ቢለካቸው ለአገሪቱ ደጋ የሚጠቅም መረጃ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ያልተፈተነ ቁስ ለባሌ ገበሬ መሸጥ የለበትም።