ለውጡን ብቻ ስለ መላክ

ብዙ ገጽ ያለው ጽሑፍ ሁለት መስመር ስለ ታረመበት ብቻ በኢንተርኔት እንደገና በሙሉ ቢላክ፥ በሜጋባይት ሒሳብ የሚከፍል ሰው ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራልያ አርሲንክ የተባለውን ፕሮግራም አወጡ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተር በእጁ ያለውን አሮጌ ቅጂ በእኩል ክፍሎች ከፋፍሎ፥ ለየክፍሉ መለያ የሚሆን አጭር ቍጥር አስልቶ ለላኪው ይሰዳል። ላኪው ቍጥሮቹን ከዐዲሱ ፋይል ጋር አመሳክሮ፥ በአሮጌው ያልተገኘውን ብቻ ይልካል፤ ተቀባዩም ሁለቱን ገጣጥሞ ሙሉውን ያገኛል። ሆኖም አስቀድሞ የታመቀ ፋይል በትንሽ እርማት እጅግ ስለሚለወጥ፥ ቍጠባው ያንሳል። ፕሮግራሙ ራሱ በሚልክበት ጊዜ ሊያምቀው ስለሚችል፥ ጽሑፉን ሳያምቁ መስጠት ይሻላል። የፕሮግራሙም ምንጭ ለሁሉ ክፍት ነውና፥ የተጠራጠረ ሰው አንብቦ ሊመረምረው ይችላል።