ከባለሙያው ቆይታ የሚረዝም ሕክምና፦ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሥራና የታካሚ እንክብካቤ በዋግ ኽምራ

ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፣ ሙሉ ቃል



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በመንግሥት የጤና አገልግሎት ውስጥ አርኪ የሥራ ሕይወት» የሚል ነበር። ርእሱን ስቀበል አመንትቻለሁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን በአደባባይ ካነሡ በኋላ ስለ ሙያ እርካታ የሚናገር ሰው «የቤት ኪራይ በእርካታ ይከፈላል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። መሥዋዕትነትን በማወደስ የደመወዝን ጥያቄ ላዳፍን አልመጣሁም። ይዤ የመጣሁት ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ባለሙያው በአንድ ስፍራ የሚቆይበት ጊዜና ታካሚው እርሱን የሚፈልግበት ጊዜ ምን ያህል ይገናኛሉ የሚል ነው። የሁለቱ አለመገናኘት ታካሚውን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው፤ ባለሙያውንም የሥራውን እርካታ እንደሚያሳጣው ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣልኝ አይደለም። በወጣትነቴ በዋግ ኽምራ፣ በአበርገሌ ወረዳ፣ ከተከዜ ሸለቆ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ሠርቻለሁ። ለሪፖርትና ለስብሰባ የምንሄደው ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ኒሯቅ ነበር። አገሩ ቆላ ነው፤ ወባ አለ፤ የሰዉ ዋና ሀብት በስሙ የሚጠራው የአበርገሌ ፍየል ነው። ሕዝቡ ነርሱንም ጤና መኮንኑንም «ዶክተር» ይላል። መጀመሪያ ላይ አርም ነበር፤ ኋላ ተውኩት።

ከታካሚዎቼ አንዱ ፍየል የሚጠብቁ አዛውንት ነበሩ። ሕመማቸው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ተማሪዎች እንደምታውቁት የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት 2 ዓይነት ይወሰዳል። ፈተናው ያለው በመካከሉ ነው። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ሳሉ ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ያምናል። ጀርሙ ግን ገና አላለቀም። በዚያች ሰዓት ታካሚውን ወደ ጤና ጣቢያው የሚያመላልሰው ሕመሙ አይደለም፤ ሕመሙማ ትቶታል። የሚያመላልሰው «ና» ያለውን ሰው ማመኑ ብቻ ነው። አዛውንቱ ከፍየሎቻቸው ተለይተው የግማሽ ቀን መንገድ ይመጡ ነበር፤ ሲደርሱም «ስላዘዝከኝ መጣሁ፣ ዶክተር ልጄ» ይሉኝ ነበር።

እኔ የሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል ያገኘሁት እርሳቸው ሦስተኛ ወራቸውን ሲጀምሩ ነው። ክሊራንስ ለማግኘት ንብረት ማስረከብ ነበረብኝ። ወንበር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የመደርደሪያ ቁልፍ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፤ ሁሉም በሦስት ቅጂ ተጽፎ፣ ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ ተረከቡኝ። ታካሚዎቼን ያስረከብኩበት ወረቀት ግን አልነበረም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላሰብኩትም። ከዓመት ገደማ በኋላ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ እንደነገረኝ፣ አዛውንቱ በቀጠሯቸው መጥተው፣ እኔን ጠይቀው፣ «ሄዷል» ሲባሉ መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ተመለሱ። መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ነበር። ተመልሰው የመጡት ከስምንት ወር በኋላ፣ ደም እየተፉ፣ አብሯቸው የሚያድር የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነው። እርሱም ያስል ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ለትምህርት መሄድ ጥፋት አይደለም፤ ባልሄድ ኖሮ ዛሬ በፊታችሁ አልቆምም። ጥፋቱ የእኔን መሄድ የሕክምናው አካል አድርጌ አለማየቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕመሞችን በሚፈልጉት የጊዜ ርዝመት መመልከት ለመድኩ። የወባ ትኩሳት በቀናት ይታከማል፤ ማንም ተረኛ ቢያክመው ልዩነቱ ብዙ አይደለም። እርግዝና 9 ወር ነው፤ ከወሊድ በኋላም 42 ቀን የቅርብ ክትትል ይጠይቃል። የአንድ ሕፃን አመጋገብ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደቱ 1,000 ቀን ነው። የደም ግፊት፣ ስኳርና ኤች አይ ቪ የዕድሜ ልክ ናቸው። ዋግ ኽምራ ደግሞ ከዚህም የሚረዝም ቀጠሮ የተያዘባት አገር ናት። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዞኑ ዋና ከተማ ተሰይሟል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። የ15 ዓመት ቃል ኪዳን ነው። በየዓመቱ ሠራተኛው የሚለዋወጥበት ጤና ጣቢያ የ15 ዓመት ቃል ኪዳንን እንዴት ይሸከማል?

መቆየት የሚያመጣው ጥቅም በስሜት የሚነገር ብቻ አይደለም። በኖርዌይ 4.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያካተተ ጥናት ታካሚዎች ከቤተሰብ ሐኪማቸው ጋር የቆዩበትን ዘመን ለክቶ ነበር። ከ15 ዓመት በላይ አንድ ሐኪም የያዛቸው ሰዎች ለአንድ ዓመት ብቻ ከተያዙት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ነበር፤ በድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል መግባታቸውም በዚያው ልክ ቀንሶ ታይቷል። ኖርዌይ ኒሯቅ አይደለችም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። መንገዱ ጥሩ፣ መዝገቡ በኮምፒውተር፣ ተተኪው ሐኪም ዝግጁ በሆነበት አገር መቆየት ይህን ያህል ከጠቀመ፣ መዝገቡ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ በሆነበት አገር የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

«በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ» ያልኩት በምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች በሰቆጣ በመጠለያ ሳሉ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኝቼ ነበር፤ እርሷም ተፈናቃይ ናት። በጤና ኬላዋ የነበሩት የቤተሰብ ማኅደሮች በሙሉ ቀርተዋል። ልጅቷ ግን በአንድ ደብተር ላይ የቀበሌዋን እርጉዞች፣ ክትባት ያልጨረሱ ሕፃናትን፣ መድኃኒት ላይ ያሉ ሰዎችን ከትዝታዋ እየጻፈች፣ ከድንኳን ድንኳን እየዞረች ትፈልጋቸው ነበር። ሴቶቹ በኽምጣኛ ያናግሯታል፤ እርሷም በኽምጣኛ ትመልሳለች። «ስንቱን አገኘሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ያላገኘኋቸውን ጠይቁኝ፤ እነርሱ ያንሳሉ» አለችኝ። ስለ ሙያ እርካታ አልጠየቅኋትም፤ በዚያ ስፍራ ጥያቄው አሳፋሪ ይሆን ነበር። ነገር ግን ሥራዋን በዚያ ትጋት ስትሠራ ያየሁት ሰው በሙያዬ ዘመን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ልጨምር። «ልቤን ያመኛል» ያለ የገጠር ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። ይህን ያላወቀ ሐኪም ደረቱን ሲያዳምጥ ይውላል። በአማርኛ እንዲህ ከሆነ፣ በአስተርጓሚ ሲሆን ምን ሊመስል እንደሚችል ገምቱ። ጤና ሚኒስቴር ለዓመታት ሲያስተምረው የኖረው «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው መርሕ በሥልጠና አዳራሽ ይነገራል፤ የታካሚውን ቃል መረዳት ግን በአዳራሽ የሚገኝ አይደለም። ዓመት ይፈልጋል።

የሀገራችን ባለ ራእዮች ይህን ያውቁት ነበር። በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ካደረሰው እልቂት በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን፣ በገጠር ጤና ጣቢያ አብረው እየሠሩ እንዲማሩ ተደረገ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ለቀበሌው ሁለት ሴቶችን ከዚያው ከማኅበረሰቡ መርጦ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ ወደ ሰፈራቸው መለሳቸው። ቁጥራቸው በጥቂት ዓመታት ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያን በገጠር ለማቆየት ተማሪን ከገጠር መልምሉ የሚል ምክር ይዞ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ ግን መሰላሉን አበላሸነው ብዬ አምናለሁ። ያቺ የቀበሌ ባለሙያ ደረጃ 3ን ጨርሳ ደረጃ 4 ትማራለች፤ መልካም ነው። ዲግሪ ስትይዝ ግን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ቢቀናት ወደ ዞን ትሄዳለች። በእያንዳንዱ እርከን ደመወዟ ከፍ ይላል፤ ታካሚዋ ይርቃል። በዚያው ጤና ኬላ ለ12 ዓመት ቆይታ የተሻለ ባለሙያ መሆን የሚቻልበት፣ ይህም በደመወዝና በማዕረግ የሚታወቅበት እርከን የለንም ማለት ይቻላል። የቀረ ሰው እንደ ወደቀ ይቆጠራል።

እርካታን በተመለከተ የማምነው ይህ ነው፦ ሐኪም የሚረካው የጀመረውን ሲጨርስ ነው። የሚዘዋወር ባለሙያ የሚያየው መጀመሪያን ብቻ ነው፤ የሚስል ሰው ይቀበላል፣ የዳነውን አያይም። እኔ በአበርገሌ በነበርኩበት ጊዜ ያስጀመርኳቸው ሕክምናዎች ብዙ ናቸው፤ ፍጻሜያቸውን ያየሁት ጥቂት ነው። ለዓመታት ሥራው የማይሞላ ጉድጓድ የመሰለኝ፣ አሁን ሳስበው፣ ከድካሙ ይልቅ በዚህ ነው።

የደመወዝና የእርከን ለውጥ በእናንተና በእኔ እጅ አይደለም። በእጃችን ያለ አንድ ነገር ግን አለ። ለተግባር ልምምድ በምልካቸው ተማሪዎች ላይ ከሦስት ዓመት ወዲህ አንድ ግዴታ ጥያለሁ። ከጤና ጣቢያው ከመውጣታቸው ሁለት ሳምንት አስቀድመው፣ ሕክምናቸው ከልምምዱ ጊዜ የሚረዝም ታካሚዎችን በስም ይዘረዝራሉ። ተረካቢው ባለሙያ ባለበት ታካሚውን ያስጠራሉ፤ «ከእንግዲህ የምትመጣው ወደ እርሷ ነው» ብለው ሦስቱም አብረው ይቀመጣሉ። ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ተጽፎ ይፈረማል። ቅጹን ያዘጋጀሁት ከንብረት ማስረከቢያው ገልብጬ ነው፤ «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ዓምድ ላይ «የታካሚው ስም»፣ «ብዛት» በሚለው ላይ «የቀረው ጊዜ» ብዬ ተካሁ። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ጊዜ ያባክናል ብለው አልወደዱትም። አንድ ተማሪ ደግሞ ከአሥራ አንዱ ታካሚዎቹ ሁለቱ «አንተ ካልሆንክ አንመጣም» እንዳሉት ጽፎ፣ ለእነዚህ ሁለቱ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠይቆኛል። እስካሁን አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም፤ ከእናንተ መካከል በገጠር የሠራችሁ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።

 መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።