ማን ይበልጥ ይጨነቃል? የመጠይቅ ነጥብና የደቡብ ቆላ ተማሪዎች



በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ውጥረት የሚደረጉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጨነቃሉ ወደሚል መደምደሚያ ያመራሉ። መደምደሚያውን አልክድም። ሆኖም ነጥቡ የተሰበሰበበትን መሣሪያ ሳንመረምር ውጤቱን ብቻ መቀበል የሚበቃ አይመስለኝም።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ20 ጥያቄ መጠይቅ ነው። የሚጠይቀው ስላለፉት 30 ቀናት ነው፦ ራስዎን ያምዎታል ወይ? እንቅልፍ ያጣሉ ወይ? ከወትሮው ይበልጥ ያለቅሳሉ ወይ? መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ከነጌሌ ቦረና ወይም ከያቤሎ ለመጣ የአርብቶ አደር ልጅ ብናቀርብለት ምን ይመልሳል? ከጥልቅ የውኃ ጉድጓድ እየቀዳ ከብት ሲያጠጣ፣ መከራን ችሎ ዝም ማለትን ከወንድነት ቆጥሮ ያደገ ነው። «አይደለም» ይላል፤ አንድ ነጥብም ይቀርለታል። በአንጻሩ ስለ ቁጣ፣ ስለ ጠብ፣ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ ከ20ዎቹ መካከል የለም። ወንዱ ጭንቀቱን የሚያወጣባቸው በሮች አልተቆጠሩም ማለት ነው። በብራዚል ይህንኑ መጠይቅ የተጠቀሙ ተመራማሪዎች ለወንዶች ከሴቶች ዝቅ ያለ መለያ ነጥብ የወሰዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቋንቋውም የራሱ ጣጣ አለው። ተማሪው የሚያስብበት አፋን ኦሮሞ «ዺጲና» የሚለው ቃል ከጥበት ጋር የተዛመደ ነው፤ የኑሮ ችግርንም የልብ ጭንቀትንም ይይዛል። «ዺጲና አለብህ?» ብንለው ስለ ቤተሰቡ ድህነት ሊነግረን ይችላል።

ይህን ስል የሴቶቹን ጫና ማቃለሌ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ መንጋው አለቀ፤ ቤቱም ተራቆተ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውኃ ፍለጋ የሚረዝመው መንገድ የእናትና የሴት ልጅ ነው፤ ጋብቻም ለቤተሰቡ እንደ መፍትሔ መታየት ይጀምራል። ይህን ሁሉ አልፋ ዩኒቨርሲቲ የደረሰችው ተማሪ የመኝታ ክፍሉ ውኃ ሲቋረጥ በወር አበባዋ ቀናት ትቸገራለች፤ ከቤተ መጻሕፍት በምሽት መመለስን ትፈራለች። ለሴቶች በሚደረገው የመግቢያ ነጥብ ድጋፍ ሳቢያም «በነጥብ ቅናሽ የገባች» የሚል ሹክሹክታ ይከተላታል። ድጋፉ ያላስፈለጋት እንኳ ከዚህ አታመልጥም! መጠይቁ ይህን ሁሉ በስም ባይጠይቅም በእንቅልፏና በምግብ ፍላጎቷ በኩል ያገኘዋል።

ያው ድርቅ ወንዱንም አልማረም። በቦረና ከብት ላለቀበት ሰው ጎሳው «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው ሥርዓት ከብት አዋጥቶ ይሰጣል፤ የሁሉም መንጋ በአንድነት ሲያልቅ ግን የሚሰጠው ከየት ይመጣል? ያኔ ዓይን ሁሉ በተማረው ልጅ ላይ ያርፋል፤ በተለይም አንጋፋ ከሆነ። እርሱ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የቤቱ ስልክ ሲጠራ አያነሣውም፤ ማታ ይቅማል፤ ሌሊት አይተኛም፤ ጠዋት ክፍል አይገባም። ስለ እንቅልፉ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል።

የምክር አገልግሎት ክፍሎች ማንን እንደሚጠሩ የሚወስኑት በመለያ ነጥቡ ከሆነ፣ ሴቷ ነጥቧ ስለሚያልፍ ትጠራለች። ከነጥቡ በታች የቀረው ወንድ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቆም ወይም በውጤት ተሰናብቶ ሻንጣውን ሲሸክፍ ነው።