ጡንቻነቱን የተወ ጡንቻ

ባለፈው ሰሞን በአማን ከአንድ ምግብ ቤት ዓሣ ጥብስ አዝዘን ስንበላ፣ አብሮኝ የነበረ ወዳጄ ከቆዳው ሥር ያለችውን ጠቆር ያለች ሥጋ በሹካው ለይቶ፣ «ይህ የረጋ ደም ነውና ተወው» አለኝ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ስለዚህች ሥጋ ግን ጥቂት ልናገር።

የረጋ ደም አይደለችም። ዓሣ ሁለት ዓይነት ጡንቻ አለው፤ ቀዩ ሳይደክም ቀስ ብሎ ለመዋኘት ሲያገለግል፣ በብዛት የሚገኘው ነጩ ደግሞ ጠላት ሲመጣ በድንገት ለመስፈንጠር ነው። ሁለቱም አክቲንና ማዮሲን በሚባሉ ፕሮቲኖች ይኮማተራሉ፤ የማዮሲኑ ዓይነት ግን ስለሚለያይ ለየዓይነቱ የየራሱ ጂን፣ ማለት የዘር ትእዛዝ፣ ተሰጥቶታል። በእኛ ዘንድ የጡንቻ ክሮች ቁጥር ከልደት በኋላ እምብዛም አይጨምርም፤ ግዙፍ የሚሆኑ ዓሦች ግን ካደጉም በኋላ አዳዲስ ክር መሥራታቸውን አያቆሙም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ጉዳይ ከአማን ቁልቁል ነው። ከሚዛን አካባቢ ደጋ የሚነሣው ጊሎ ወደ ጋምቤላ ቆላ ወርዶ ከፒቦር ጋር ይገናኛል። በዚያ በነጭ ዓባይ ተፋሰስ፣ አንዳንዶቹ አፋቸው እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመ የዓሣ ወገኖች ይኖራሉ። ከጅራታቸው ሥር ያለው ጡንቻ መኮማተሩን ትቶ ደካማ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እነርሱም በድፍርስ ውሃ ውስጥ በዚሁ መንገዳቸውን ይፈልጋሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይግባባሉ።

ይህ እንዴት ሆነ? ጡንቻ ከመኮማተሩ በፊት በሴሉ ሽፋን ላይ ሶዲየም የሚያስገባ በር መከፈት አለበት። የአብዛኞቹ ዓሦች ጥንተ አያት፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ የዘር መዝገቡ በሙሉ እጥፍ ስለሆነ የዚህ በር ጂን ሁለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሃሮልድ ዘኮንና ባልደረቦቹ እንዳስረዱት፣ አንዱ ጂን በጡንቻ ሥራው ሲቀጥል ሁለተኛው ጡንቻን ለቅቆ ለኤሌክትሪኩ አካል ብቻ አደረ፤ ከዚያም በፍጥነት ተለዋወጠ። የደቡብ አሜሪካ ኤሌክትሪክ ዓሦችም፣ ከእነዚህ ጋር የቅርብ ዝምድና ሳይኖራቸው፣ ይህንኑ ጂን ለይተው ለዚሁ ሥራ አውለውታል። የተረፈ ጂን ስለነበረ ጡንቻው አልተጎዳም።

ሰው ግን ለዚህ የጡንቻ በር ተጠባባቂ ጂን የለውም። ጂኑ የተበላሸበት ሰው፣ እንደ ጉድለቱ ዓይነት፣ ብርድ ሲመታው ጡንቻው ይገተራል፣ ወይም ለሰዓታት ሰውነቱ ዝሎ መነሣት ያቅተዋል።

ይህን ሁሉ ስተርክ ዓሣው ቀዘቀዘ። ወዳጄ ቀዩን ሥጋ በላው፤ ለእኔ አላስተረፈልኝም።