ጨርቅ የሚመስለው ፕላስቲክ

የኮቪድ ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን በገባ ጊዜ የፊት መሸፈኛ ጭምብል ብዙዎቻችንን ከሕመም እንደ ጠበቀ ይታወሳል። ከተጣለ በኋላ ግን በሌሎች ፍጥረታት ላይ ጉዳት ያደርሳል።

አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚጣለው ጭምብል ጨርቅ ቢመስልም የሚሠራው በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ እንደ ቅጠል በስብሶ አፈር አይሆንም። ፀሐይ ሲያደርቀውና ውኃ ሲያላጋው ቀጫጭን ክሮቹ ይበጣጠሳሉ። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ብጣሽ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ጎርፍ ወደ ወንዝና ሐይቅ ይወስደዋል፤ ዓሣም ምግብ መስሎት ይውጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ ከዝዋይ ሐይቅ ተይዘው ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ይህ ከጭምብል የመጣ ነው ባይባልም፣ በውኃችን ላይ ያለውን ሸክም ያሳያል። ያልተበጣጠሰውም ጭምብል ቢሆን ይጎዳል። በዚያው ዓመት በብራዚል ጠረፍ ሞቶ በተገኘ ፔንግዊን ሆድ ውስጥ ጭምብል ተገኝቷል። ማንጠልጠያውም የወፎችን እግር ይተበትባል።

የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የወፎች መጠለያ፣ የምንጮችም መገኛ ናቸው። ስለሆነም ሰበካ ጉባኤያት በየበሩ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ እንዲያኖሩ፣ ማንጠልጠያው ተቆርጦ እንዲጣል፣ የተጠራቀመውም በግቢ ከመቃጠል ይልቅ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እንዲሰጥ እናሳስባለን። የሕክምና ግዴታ በሌለበት ታጥቦ የሚደረግ የጥጥ ጭምብል ይመረጥ። ካህናትም ይህን ለምእመናን ቢያስረዱ፣ አንዱን ፍጥረት ስንጠብቅ ሌላውን ከመጉዳት እንድናለን።