ገንዘቡ ለቦዲው ይሁን ለሌንሱ?

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላይ ከቡድን ጋር እየዞረ የተጫዋች ፎቶ የሚያነሳ ወጣት ብር ሲያጠራቅም ሁሌም አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «የትኛው ካሜራ ነው ፊት ጥርት አድርጎ የሚያወጣው?» ጥያቄው ግን ከመነሻው ኦፍሳይድ ነው። ፊትን በቅድሚያ የሚያጠሩት ሌንሱ፣ ፎከሱና የሻተሩ ፍጥነት ናቸው። ቦዲው እንደ ማልያ ነው፤ አዲስ ማልያ ጎል አያገባም።

ብዙዎች የሚሸወዱት በሜጋ ፒክስል ነው። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማተም 1 ሜጋ ፒክስል እንኳ አይፈጅም። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 30 በ45 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ደግሞ 19 ገደማ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ700 የያዘው 12 ሜጋ ፒክስል ብቻ ቢሆንም የባለሙያ ካሜራ ነበር።

ይህ ሲባል ግን ቦዲ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2020 ፎቶ አንሺዎቹን በሙሉ ወደ ሶኒ ካሜራ ለማዞር ወስኗል። መስታወት አልባ የሚባሉት እነዚህ አዳዲስ ካሜራዎች የሰውን ዓይን ራሳቸው ፈልገው ፎከሱን እዚያው ላይ ይይዛሉ። በፊት ፎቶ ላይ ደግሞ ዓይን ካልጠራ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

ኪሱ ለማይፈቅድለት ያገለገለ ቦዲና 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ ጥሩ ጥምረት ነው። ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ ላይ ይህ ሌንስ እንደ 75 ወይም 80 ሆኖ ስለሚሠራ ለፊት ይመቻል። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ያለው ደግሞ 85ን ይምረጥ። ታዲያ ሌንሱን እስከ 1.8 ከፍቶ የሚያነሳ ሰው ዓይኑ ጠርቶ ጆሮው ሊደበዝዝበት ይችላል። ለአንድ ፊት ከ2.8 እስከ 4፣ በሁለት ረድፍ ለቆመ ቡድን ከ5.6 እስከ 8 ይሻላል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይዋ የተጫዋቹን ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይሸፍነዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተጫዋቹን ግድግዳ ጥላ ሥር ማቆም ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ማንሳት። ክረምት ላይ ብርሃን ሲቀንስ አይ.ኤስ.ኦውን ከፍ አድርጎ ሻተሩን ከ1/250 ሰከንድ አለማውረድ ነው። ጥራጥሬ የበዛበት ፎቶ ይታያል፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን መድኃኒት የለውም።

የፋይሉ ጉዳይስ? ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ሲይዝ፣ 14 ቢት የሆነ ሮው 16,384 ይይዛል። ነጭ ማልያ የለበሰ ጠይም ተጫዋች ፊቱ ጨልሞ ሲወጣ ሮው ያድናል። ፎከስ የሳተውን ግን ሮውም አያድነውም። ለዜና የሚሠራ ሰው ሌላም ነገር ይወቅ፤ ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፍሪላንስ ፎቶ አንሺዎች ከሮው የተሠራ ፎቶ አልቀበልም፣ ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጄፔግ ላኩልኝ ብሏል። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ መቅረጽ ያዋጣል።

ክለብ የሚፈልግ ልጅ ፎቶው ከእሱ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል። ሲደርስ ፊቱ መለየት አለበት። ይህን የሚወስነው ደግሞ የካሜራው ስም ሳይሆን ሌንሱና የያዘው እጅ ነው።